የትዳር አጋርዎ ሲጋራ እንዲያቆሙ በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሲጋራ ማቆሚያ መድኃኒቶች የሚጠይቀው ሰው ብዙ ጊዜ አጫሹ አይደለም። የሚጠይቀው አብሮት የሚኖረው ነው፤ ሌሊት ሳሉን የሚሰማ፣ ደጋግሞ ለምኖ የሰለቸ፣ አሁን ደግሞ «ክኒን አለው» ሲባል ሰምቶ ተስፋ ያደረገ ሰው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተዘጋጁት ለእርሱ ነው። የሐኪምን ምክር አይተኩም፤ ሐኪም ዘንድ ሲኬድ ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ ቤት ሲመለሱም ምን እንደሚያጋጥም ግን ያመለክታሉ። «ባለቤትዎ» የምንለው የሚያጨሰውን ወገን፣ ባልም ይሁን ሚስት፣ ነው።

ባለቤቴ ሐኪም ዘንድ መሄድ አይፈልግም። እኔ ሄጄ መድኃኒቱን ላሳዝዝለት እችላለሁ?

አይችሉም። እነዚህ መድኃኒቶች ከመታዘዛቸው በፊት ታካሚው ራሱ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ፦ የሚጥል በሽታ ኖሮበት ያውቃል ወይ፣ ኩላሊቱ ጤነኛ ነው ወይ፣ ምን ያህል አልኮል ይጠጣል፣ ለአእምሮ ሕመም ታክሞ ያውቃል ወይ፣ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ። ከመልሶቹ መካከል ባል ወይም ሚስት የማያውቁት፣ አንዳንዴም እንዲያውቁት ያልተፈለገ ነገር ሊኖር ይችላል።

ከእርስዎ የሚጠበቀው ሌላ ነው። ቀጠሮ ማስያዝ፣ ባለቤትዎ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ጽፎ ወይም ከነማሸጊያቸው ሰብስቦ መስጠት፣ ፈቃዳቸው ከሆነም አብሮ መግባት ይችላሉ። በተጨማሪም ሐኪሙ በጣም የሚፈልገውን አንድ ነገር ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እርሱም ባለቤትዎ ከእንቅልፍ ከነቁ በኋላ የመጀመሪያውን ሲጋራ የሚለኩሱት ስንት ደቂቃ ቆይተው እንደሆነ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ሱሱ የጠነከረ በመሆኑ የሚታዘዝለት መጠን ከሌላው ከፍ ሊል ይችላል። አጫሾች ይህን ሲጠየቁ ዘለግ አድርገው መናገር ይቀናቸዋል።

ሳያውቅ በምግብ ወይም በቡና ውስጥ ብጨምርበትስ?

ይህ ጥያቄ አፍ አውጥቶ ባይጠየቅም በብዙዎች ልብ ውስጥ አለ። ለመጠጥ ሱስ ታማሚው ሳይነገረው የሚሰጥ ነገር የሚያፈላልጉ ቤተሰቦች እንዳሉ ሁሉ ለሲጋራም የሚመኙ አይጠፉም። መልሱ ፈጽሞ አይደረግም ነው፤ ምክንያቱም የመተማመን ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ቡፕሮፒዮን የሚባለው ክኒን የተሠራው በሆድ ውስጥ ቀስ በቀስ እየተለቀቀ ለሰዓታት እንዲቆይ ነው። ከተፈጨ ወይም ከተሰበረ የብዙ ሰዓቱ መጠን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይገባና የሚጥል ሕመም ሊያስነሣ ይችላል። ቫሬኒክሊን ደግሞ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ክፉኛ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፤ መድኃኒት መውሰዱን የማያውቅ ሰው ሕመሙ ምን እንደሆነ ሳይገባው ለሌላ ምርመራ ይንከራተታል፤ ሐኪሙም በማያውቀው መድኃኒት ላይ የማይስማማ ሌላ መድኃኒት ሊጨምርበት ይችላል። ይህ ሁሉ ቀርቶ መድኃኒቶቹ ማቆም የፈለገ ሰው የሚደርስበትን ሐራራ ያቀልላሉ እንጂ የማቆም ፍላጎትን አይፈጥሩም።

የትኞቹ መድኃኒቶች ናቸው? እንዴትስ ይሠራሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ትምባሆ ማቆም ለሚፈልጉ አዋቂዎች ባወጣው የመጀመሪያ የሕክምና መመሪያው አራት ነገሮችን ይመክራል፦ ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮን፣ ሳይቲሲን እና የኒኮቲን ምትክ።

ኒኮቲን ወደ አእምሮ ሲደርስ የሚያርፍባቸው መቀበያዎች አሉ፤ እነርሱ ሲነቁ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ይለቀቅና አጫሹ እፎይታ ይሰማዋል። ቫሬኒክሊን በእነዚሁ መቀበያዎች ላይ ቀድሞ ቦታ ይይዛል። መቀበያዎቹን በከፊል ስለሚያነቃቃቸው ሐራራው ይቀንሳል፤ ቦታውን ስለያዘ ደግሞ ሰውየው በላዩ ላይ ቢያጨስ እንኳ ሲጋራው የድሮውን ጣዕም አይሰጠውም። ብዙዎች «ሲጋራው ሣር ሣር አለኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ቻንቲክስ በሌሎች አገሮች ደግሞ ሻምፒክስ በሚል የንግድ ስም ይታወቅ ነበር። አምራቹ ፋይዘር እ.ኤ.አ. በ2021 ክኒኖቹ ውስጥ ናይትሮሳሚን የተባለ ያልተፈለገ ቅሪት ከተፈቀደው መጠን በላይ በመገኘቱ ከገበያ ሰብስቧል፤ ዛሬ የሚገኘው በአብዛኛው ሌሎች ድርጅቶች በራሱ በመድኃኒቱ ስም የሚያመርቱት ነው። ስለዚህ ፋርማሲው «ቻንቲክስ የለም» ቢልዎት «ቫሬኒክሊንስ?» ብለው ይጠይቁ።

ሳይቲሲን ላበርነም ከሚባል ዛፍ ፍሬ የሚገኝ ሲሆን፣ በቡልጋሪያና በምሥራቅ አውሮፓ ታቤክስ በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። ቫሬኒክሊን ራሱ የተቀመመው የዚህን ንጥረ ነገር አሠራር መነሻ በማድረግ ነው። የተለመደው ሕክምና 25 ቀናት ብቻ ይወስዳል።

ቡፕሮፒዮን ቀድሞ የታወቀው ለድባቴ ሕክምና ነው፤ ለሲጋራ ማቆሚያነት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ኒኮቲን የለውም። የኒኮቲን ምትክ የሚባሉት ደግሞ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር፣ ማስቲካ፣ የሚመጠጥ ከረሜላና የአፍንጫ ርጭት ናቸው፤ ያለ ጭሱ ኒኮቲኑን ብቻ በትንሽ በትንሹ ይሰጣሉ። ፕላስተርና ማስቲካ በብዙ አገሮች ያለ ማዘዣ ይሸጣሉ። ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን ፕላስተር ከማስቲካ ወይም ከከረሜላ ጋር አጣምሮ መጠቀም አንዱን ለብቻው ከመጠቀም ይሻላል።

በወኔ ብቻ ማቆም አይቻልም?

ይቻላል፤ ያቆሙም ብዙ ናቸው። ነገር ግን በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረው የኮክሬን ግምገማ እንደሚያሳየው፣ ያለ መድኃኒት ለማቆም ከሚሞክሩ 100 ሰዎች መካከል ቢያንስ ለ6 ወር ሳያጨሱ የሚቆዩት ወደ 6 የሚሆኑት ናቸው። በቫሬኒክሊን ወይም በሳይቲሲን ቁጥሩ ወደ 14 ከፍ ይላል፤ በቡፕሮፒዮን ወይም በአንድ ዓይነት የኒኮቲን ምትክ ወደ 9 ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በሁለት መልኩ ማየት ይገባል። ቫሬኒክሊን ወይም ሳይቲሲን የመሳካት ዕድልን ከእጥፍ በላይ ማሳደጉ እውነት ነው። በሌላ በኩል በተሻለው መድኃኒት እንኳ በአንድ ሙከራ የማይሳካላቸው ከሚሳካላቸው ይበዛሉ። ስለዚህ ባለቤትዎ በመጀመሪያው ሙከራ ባያቆሙ ደካማ ወይም ዋሾ ስለሆኑ አይደለም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ሙከራ የሕክምናው የተለመደ አካል ነው። ምክርና ክትትል ሲጨመርበት ውጤቱ የተሻለ ይሆናል።

መድኃኒቱ የሚጀመረው ሲጋራው ከቆመ በኋላ ነው ወይስ በፊት?

የኒኮቲን ፕላስተር አብዛኛውን ጊዜ የሚለጠፈው በሚያቆሙበት ቀን ጠዋት ነው። በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ ለሚያጨስ ሰው የተለመደው አካሄድ ባለ 21 ሚሊ ግራሙን ለ6 ሳምንት፣ ባለ 14ቱን ለ2 ሳምንት፣ ባለ 7ቱን ለ2 ሳምንት መጠቀም ነው። ክኒኖቹ ግን ቀድመው ይጀመራሉ።

ቫሬኒክሊን ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት አስቀድሞ ይጀመራል፤ ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት 0.5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን 0.5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ8ኛው ቀን ጀምሮ 1 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሆኖ በጠቅላላው ለ12 ሳምንታት ይወሰዳል። በከባድ የኩላሊት ድካም ላለባቸው መጠኑ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ባለቤትዎ ሲያጨሱ ቢያዩ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ በዚያ ሳምንት ማጨስ የተፈቀደ ነው።

ቡፕሮፒዮንም እንዲሁ ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ ይጀመራል። ለ3 ቀናት 150 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ሆኖ ከ7 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። በሁለቱ ክኒኖች መካከል ቢያንስ 8 ሰዓት መኖር አለበት፤ ሁለተኛው እንቅልፍ እንዳይነሣ አንደኛውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሁለተኛውን ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት መውሰድ ይበጃል። የተረሳውን ለማካካስ ሁለት ክኒን በአንድ ጊዜ መዋጥ ክልክል ነው።

በአንድ ቀን ቁርጥ አድርጎ ለማቆም ድፍረት ያጡ ሰዎች በቫሬኒክሊን ቀስ በቀስ የሚያቆሙበትም መንገድ አለ። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ሲጋራውን በግማሽ፣ በቀጣዮቹ 4 ሳምንታት የቀረውን እንደገና በግማሽ ቀንሰው በ12ኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ያቆማሉ፤ መድኃኒቱን ግን እስከ 24ኛው ሳምንት ይቀጥላሉ። «አቁም» የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር ቤቱ የሚናወጥ ከሆነ ይህን አማራጭ ለሐኪሙ ማንሳት ጥሩ ነው።

ምን ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት ልጠብቅ?

በቫሬኒክሊን በብዛት የሚታየው ማቅለሽለሽ ነው፤ ከሦስት ሰዎች አንዱ ያህል ያጋጥመዋል። ምግብ ከተበላ በኋላ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ሲወሰድ ይቀንሳል፤ ካልቀነሰም ሐኪሙ መጠኑን ሊያወርደው ይችላል። ሁለተኛው ሕልም ነው። እንደ እውነት ጥርት ብሎ የሚታይ፣ አንዳንዴም የሚያስጨንቅ ሕልም የተለመደ ስለሆነ፣ ባለቤትዎ ሌሊት እየባነኑ ቢነግሩዎት የሕልም ፍቺ ፍለጋ አይሂዱ፤ የማታውን ክኒን ከመኝታ ሰዓት ራቅ አድርጎ ከራት ጋር መውሰድ ይረዳል። ቡፕሮፒዮን አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ፕላስተር የተለጠፈበትን ቆዳ ያሳክካል፤ ቦታውን በየቀኑ መቀያየር ያስፈልጋል።

ቫሬኒክሊን የሚወስድ ሰው አልኮል ከወትሮው በበለጠ ሊያሰክረው፣ ጠብ ሊያስጭረው ወይም ያደረገውን እንዳያስታውስ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚስማማው እስኪታወቅ ድረስ መጠጥ መቀነስ ግድ ነው። በታክሲ ወይም በጭነት መኪና ሥራ የሚተዳደር ሰውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት መድኃኒቱ ትኩረቱን እንደማይነካው ሳያረጋግጥ መሪ መያዝ የለበትም። ፊት፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ቆዳ ላይ የሚላላጥ ሽፍታ ከወጣ፣ ደረት ላይ ሕመም ከተሰማ ወይም ሰውነት ከተንዘፈዘፈ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

«ያሳብዳል፣ ራስን ለማጥፋት ያነሣሣል» ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2009 በቫሬኒክሊንና በቡፕሮፒዮን ማሸጊያ ላይ የአእምሮ ጤናን የሚመለከት እጅግ ጠንካራ የሚባለውን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዝዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ከ8,000 በላይ አጫሾች፣ ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ሕመም የነበረባቸው፣ የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ተካሄደ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ መድኃኒቶቹ ከኒኮቲን ፕላስተርም ሆነ መድኃኒትነት ከሌለው ክኒን ጋር ሲነጻጸሩ ከባድ የአእምሮ ችግሮችን ጉልህ በሆነ መጠን እንዳልጨመሩ አሳየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ያ ማስጠንቀቂያ ተነሣ።

ይህ ማለት ግን ስሜት አይለዋወጥም ማለት አይደለም። ብስጭት፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣትና ሐዘን ኒኮቲን ሲቋረጥ በራሳቸው የሚመጡ ናቸው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታሉ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይበርዳሉ። መድኃኒት ባይወሰድም ይኖሩ ነበር። እርስዎ የሚጠበቅብዎት የሚጮኸውን ሰው ከዝም ካለው መለየት ነው። ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ የኒኮቲን ማጣት ነው። ከሰው መሸሽ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ጥርጣሬ፣ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ንግግር ሲመጣ ግን መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ማግኘት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ለውጥ ታካሚው ራሱ ላያስተውለው ስለሚችል ሐኪሞች ቤተሰቡ እንዲያውቅ የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ባለቤቴ ጫት ይቅማል። ችግር አለው?

አለው፤ ሐኪሙ ካልጠየቀም እናንተ መናገር ይኖርባችኋል። በጫት ውስጥ የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር ካቲኖን ነው፤ ቡፕሮፒዮን ደግሞ በኬሚካዊ ቅርጹ የዚሁ የካቲኖን ዘመድ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ የደም ግፊት መጨመር፣ የልብ ምት መፋጠንና እንቅልፍ ማጣት ይበረታሉ፤ አነቃቂ ነገር የሚወስድ ሰው በቡፕሮፒዮን የመንዘፍዘፍ አደጋውም ከፍ ይላል። በዚህ ላይ ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ የሚጠጣ ከሆነ አልኮሉ አደጋውን ያባብሰዋል፤ በየጊዜው ብዙ ጠጥቶ በድንገት የሚያቋርጥ ሰው ቡፕሮፒዮን ፈጽሞ መውሰድ የለበትም። ቃሚ ለሆነ ሰው ሐኪሞች ቫሬኒክሊን ወይም የኒኮቲን ምትክ ወደሚለው የሚያዘነብሉበት ምክንያት ይህ ነው።

ከመድኃኒቱ ባሻገር ያለው ችግር ይበልጥ ያስቸግራል። ሲጋራና በርጫ ተጣብቀው የሚኖሩ ልማዶች ናቸው፤ ሌላ ቀን ሁለትና ሦስት ፍሬ የሚያጨስ ሰው በቅዳሜው በርጫ ፓኮውን ሊጨርስ ይችላል። «ጫቱን እየቃምኩ ሲጋራውን ብቻ እተዋለሁ» የሚለው ዕቅድ በእኛ ግምት እምብዛም አያዋጣም። ቢያንስ የማቆሚያው ቀን ከመቃሚያ ቀን ርቆ እንዲውል፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታትም ያለ በርጫ እንዲያልፉ ከወዲሁ መነጋገር ይገባል።

ሲጋራውን ካቆመ ወዲህ ቡና ሲጠጣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍም አጣ። ከመድኃኒቱ ይሆን?

ከቡናው ሊሆን ይችላል። የትምባሆ ጭስ ጉበት ካፌይንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርገዋል፤ በዚህ የተነሣ አጫሾች ብዙ ቡና ጠጥተው እንደ ሌላው ሰው አይረበሹም። ጭሱ ሲቀር ያው የቡና መጠን በደም ውስጥ እስከ እጥፍ የሚደርስ ካፌይን ሊተው ይችላል። መንቀጥቀጡና እንቅልፍ ማጣቱ ከሲጋራ ማጣት ወይም ከክኒኑ የመጣ እየመሰለ ብዙዎች መድኃኒቱን ይተዋሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አቦሉን ጠጥቶ ቶናውንና በረካውን ማለፍ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡና አለመቅመስ ተገቢ ነው። ቡናና ሲጋራ አብረው የለመዱ ከሆነ ደግሞ ሲኒው ራሱ ሐራራውን ስለሚቀሰቅስ መቀነሱ ሁለት ጥቅም አለው።

በጾም ወቅት እንዴት ይወሰዳል?

ቫሬኒክሊን በባዶ ሆድ ስለማይመች እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው የጠዋቱ ክኒን ችግር ይሆናል። ሰዓቱን ወደ መጀመሪያው ምግብ ማሸጋሸግ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጾሙ ሳይገባ መጠየቅ ነው፤ በራስ ውሳኔ አንዱን ክኒን መዝለልም ሆነ ሁለቱን ማቀራረብ አይገባም። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላና በሱሁር ጊዜ በመውሰድ አራርቆ ማድረስ ብዙውን ጊዜ ይቻላል። ፕላስተር በአፍ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ጾም ይፈታል አይፈታም የሚለውን የሃይማኖት አባት ይመልሱታል።

የጾም መግቢያን የማቆሚያ ቀን ማድረግ የሚመርጡ አሉ፤ መልካም ምርጫ ነው። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሳያጨስ የሚውል ሰው ያን ያህል ሰዓት መቆየት እንደሚችል ራሱ ያውቃል። ክኒን ከሆነ ግን መጀመር ያለበት ከጾሙ አንድ ሳምንት ቀድሞ ነው።

ሌሎች መድኃኒቶችን ይወስዳል። ይጋጫሉ?

ከፊሉ ይጋጫል። ቡፕሮፒዮን ለሚጥል በሽታ ሕሙማን፣ ምግብ ራሳቸውን በመከልከል ወይም በልቶ በማስመለስ ሕመም ለተያዙ አይሰጥም፤ ትራማዶል ከሚባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር ሲወሰድ የመንዘፍዘፍ አደጋን ይጨምራል፤ ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን የታሞክሲፈንን ኃይል ያዳክማል፤ እንደ ኢፋቪሬንዝ ያሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ደግሞ የራሱን የቡፕሮፒዮንን መጠን ያሳንሱታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ክኒን ባይወሰድም ሲጋራ ማቆሙ ራሱ የሌሎች መድኃኒቶችን መጠን እንደሚለውጥ ነው። ኦላንዛፒን ወይም ክሎዛፒን የሚወስዱ የአእምሮ ሕሙማን፣ ለአስም ቲዮፊሊን የሚወስዱ ሰዎች ጭሱ ሲቆም መድኃኒቱ በደማቸው ውስጥ ይበዛል። ለዋርፋሪንና ለኢንሱሊንም ክትትል ያስፈልጋል። ለውጡን የሚያመጣው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ ስላልሆነ ፕላስተር መለጠፍ ይህን አያስቀረውም። ስለዚህ የማቆሚያውን ቀን ሌላውን ሕመም የሚያክመው ሐኪምም ሊያውቀው ይገባል።

ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አላጨሰም። «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ሊተው ነው። ይተው?

አይተው። ሕክምናው በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የተሻለው ቢመስልም ሰውነቱ ገና አልተላመደም፤ ሐራራው የጠፋው መድኃኒቱ ቦታውን ስለያዘ ነው። የ12 ሳምንቱ ጊዜ የተወሰነው ሰርጉ፣ ለቅሶው፣ የደመወዙ ቀን፣ የጓደኛ ግብዣው ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ያለ ሲጋራ እንዲታለፉ ነው። 12ቱን ሳምንት ሳያጨሱ የጨረሱ ሰዎች እንዲጸናላቸው ሐኪሙ ለሌላ 12 ሳምንት ሊቀጥልላቸውም ይችላል።

የትዳር አጋር ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመውም በዚህ ነው ብለን እናምናለን። ሲጋራ መቁጠር፣ ኪስ መፈተሽ፣ አፍ ማሽተት ሰውን ወደ መደበቅ ይወስደዋል። ክኒኑ ሊያልቅ 10 ቀን ሲቀረው ማዘዣውን ማሳደስ፣ ከቁርስና ከራት በኋላ የውኃ ብርጭቆ አጠገቡ ማስቀመጥ፣ ሁለተኛውን ቀጠሮ ማስታወስ ግን ያለ ጭቅጭቅ የሚሠራ ሥራ ነው። ስንተኛ ሳምንት ላይ እንዳሉ በግድግዳ መቁጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግም ይረዳል፤ ምልክቱን ግን ባለቤትዎ ራሳቸው ያድርጉት።

ክኒኑን እየወሰደ ሲያጨስ ባገኘውስ?

መድኃኒቱ ይቀጥላል። ከማቆሚያው ቀን በኋላ አንድ ሁለት ሲጋራ ማጨስ ያጋጥማል፤ ቫሬኒክሊንን ሳያቋርጡ የቀጠሉ ብዙዎች በቀጣዮቹ ሳምንታት ያቆማሉ። ፕላስተር ለጥፎ ያጨሰ ሰው «ልቡ ይቆማል» የሚባለውም የተጋነነ ነው፤ ከበዛ ማቅለሽለሽና ራስ ማዞር ያመጣል። ያጨሰበትን ሁኔታ ማወቅ ከወቀሳ ይልቅ ይጠቅማል፤ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ መድኃኒቱ ተረስቶ ነበር ወይ የሚለው ለሐኪሙ መነገር አለበት።

ሁለታችንም እናጨሳለን። እኔ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነኝ።

አብሮ ማቆም ይመከራል፤ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ እያጨሰ ሌላው ማቆም ከባድ ነው። ሆኖም የአንዳችሁን ክኒን ለሌላው ማካፈል አይገባም። በእርግዝና ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው የምክር አገልግሎት ነው፤ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን ለነፍሰ ጡር በተለምዶ አይታዘዙም፤ የኒኮቲን ምትክም ቢሆን የእርግዝና ክትትል ከሚያደርገው ሐኪም ጋር ተነጋግሮ የሚወሰን ነው። ባል ግን እስኪወልዱ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም፤ የእርሱ ጭስ ለጽንሱም ይደርሳል።

መድኃኒቱ የት ይገኛል? ዋጋውስ?

እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ አብዛኞቹ የግል የጤና መድኖች በአገሪቱ ባለሥልጣን የተፈቀዱትን የማቆሚያ መድኃኒቶች፣ በዓመት ለሁለት ሙከራ፣ በሐኪም ማዘዣ እስከታዘዙ ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሸፍኑ ይጠበቅባቸዋል፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን ሜዲኬይድም ይሸፍናል። ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን ፕላስተር እንኳ ሐኪሙ ማዘዣ ቢጽፍለት መድኑ ሊከፍለው ስለሚችል ከኪስ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ብልህነት ነው። በ1-800-784-8669 ነፃ የስልክ ምክር ይሰጣል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። በእስራኤል ኩፓት ሆሊሞቹ (የጤና መድን ድርጅቶቹ) መድኃኒቱን በቅናሽ የሚሰጡት ከማቆሚያ ሥልጠናቸው ጋር በማያያዝ ነው። በእንግሊዝ ቫሬኒክሊን ለጥቂት ዓመታት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ተመልሷል።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ የቤት ውስጥ ቦታዎች ማጨስንና ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል፤ የማቆሚያ መድኃኒቶቹ ግን እንደ ልብ የሚገኙ አይደሉም። በዚህ የተነሣ ውጭ ያለ ዘመድ እንዲልክ ይጠየቃል። ከተላከ ያለ ማዘዣ የሚሸጡት ፕላስተርና ማስቲካ ይሻላሉ፤ በሌላ ሰው ስም የታዘዘ ቫሬኒክሊን ወይም ቡፕሮፒዮን መላክ ግን ከላይ የተዘረዘሩትን ጥያቄዎች ያልጠየቀ ሕክምና ይሆናል። ለራስ የታዘዘ መድኃኒት ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ በተለይ ወደ ዓረብ አገሮች የሚሄድ፣ ክኒኑን ከነማሸጊያው ከማዘዣው ቅጂ ጋር በእጅ ሻንጣው ይያዝ፤ ለጉዞውና ለቆይታው የሚበቃውን ያህልም አስቀድሞ ያስቆጥር፣ በመሐል ቢቋረጥ እዚያ ማሳደስ ላይቻል ይችላል።